ዳኑታ የጠፋችባቸው ቀናት

ስደተኛ ታሪኩን ሲያወራ ብዙውን ጊዜ ከሌሊት ይጀምራል። ውሻ ይጮኻል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ጨለማው ውስጥ መኪና ይጠብቃል። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከአሰላ የወጣሁት ከምሳ በኋላ ነው። ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ለአንድ ሰዓት ያህል ፋታ ሰጥቶን፣ የጭላሎ ተራራ ደመናውን እንደተከናነበ፣ እኔ ሆዴ በገንፎ ተወጥሮ መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባስ ላይ ተቀምጫለሁ። እማዬ በመስኮቱ በኩል አንድ ላስቲክ ሙሉ ጩኮ አቀበለችኝ። የአርሲ ሰው ላልሆናችሁ፣ ጩኮ ማለት የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ ስንቅ ነው፤ ወር ቢቀመጥ አይበላሽም፣ አንድ ጭብጥ ከበላችሁ እስከ ማታ ምግብ አያምራችሁም።

አባዬ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም አርሲ ተመድበው መጥተው እዚያው ቀሩ። ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ "እኔም የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር" አሉኝና ዞር ብለው ሄዱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ናዝሬት ልደርስ ስል ነው። ያኔ አለቀስኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ሙዚቃውን ከፍ አደረገልኝ።

ጩኮው የደረሰው እስከ ፍራንክፈርት ብቻ ነው። የጉምሩኩ ሰው ላስቲኩን ከፍቶ አሸተተና ቅቤ እንዳለበት ጠየቀኝ። አለበት አልኩት። የወተት ተዋጽኦ አይገባም አለ። እዚሁ ብበላውስ ብዬ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር እሱን እንደማይመለከተው ነገረኝ። ስለዚህ ወደ አውሮፓ የገባሁት ቆሜ ጩኮ እየጎረስኩ፣ አንድ ጓንት ያጠለቀ ሰው ቀሪውን ለመጣል በትዕግሥት እየጠበቀኝ ነው።

ከዚያ ባቡር ያዝኩ። በመስኮቱ ሳይ ሜዳው ሁሉ የደረሰ ስንዴ ነው፤ ኮምባይነሮቹ አቧራቸውን እያስነሱ ያጭዳሉ። አገሬን የመሰለኝ ቅጽበት እሱ ነበር። እኛ ጋ በዚያ ሰዓት ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፣ ኮምባይነር የሚታየው ከኅዳር ወዲህ ነው። ስለዚህ አገሬ ሳልደርስበት ሦስት ወር ቀድሞኝ የሄደ መሰለኝ።

የመጣሁት ለማስተርስ ትምህርት ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን፣ ስሟን በትክክል ለመጥራት ስድስት ወር የፈጀብኝ ትንሽ ከተማ። መጀመሪያ የተማርኩት ቃል "ተርሚን" ነው፤ ቀጠሮ ማለት ነው። እዚህ አገር ያለ ተርሚን ፀጉር እንኳ አይሠሩላችሁም። የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተርሚኔ ሲደርስ ወረቀቶቼን ደርድሬ ቀረብኩ። የተወለድኩት ጳጉሜን ሦስት ነው። ፓስፖርቴ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ተቀይሮ ሴፕቴምበር ስምንት ተብሏል። የልደት ሰርተፍኬቴን የተረጎመው ሰውዬ ግን እንዳለ ነው ያስቀመጠው፤ ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት።

"አሥራ ሦስተኛ ወር የለም" አለችኝ ጸሐፊዋ።

"እኛ ጋ አለ።"

"ስንት ቀን አለው?"

"አምስት። አንዳንዴ ስድስት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አንዳንዴ?"

በአራት ዓመት አንድ ጊዜ መሆኑን ላስረዳ ስሞክር እጇን አነሳች። "ፍራው በቀለ፣ እኔ አምንዎታለሁ። የማያምነው ኮምፒውተሩ ነው።" ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው፤ ፍራው በቀለ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስሜ ፀዳለ ቢሆንም እዚህ የሚጠሩኝ በአባዬ ስም ነው። ሌላ ትርጉም፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ተርሚን፤ ለመወለዴ ማረጋገጫ ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

አከራዬ ፍራው ሌንትስ ደግሞ የሚያሳስባት መስኮት ነው። ክረምት ከበጋ ጠዋትና ማታ መስኮት ተከፍቶ ቤቱ መናፈስ አለበት፤ "ሉፍተን" ይሉታል። እኛ ጋ ብርድ ሲመጣ በር ይዘጋል፤ እዚህ ብርድ ሲመጣ ይጋበዛል። አንድ ቀን ተዘግቶ ስታገኘው፣ ከሞቃት አገር ስለመጣሽ አልፈርድብሽም አለችኝ። አሰላ ብርድ ነው ብላት አላመነችም። እማዬ ጋቢዋ ላይ ጃኬት ደርባ፣ ከኋላዋ ጭላሎ በጉም ተሸፍኖ የተነሳችውን ፎቶ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አይታው ኦስትሪያ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ሁለቱ የትምህርት ዓመታት በንባብና በድንች አለፉ። ስመረቅ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደ የሚንከባከብ አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። ሥራዬ ሠራተኞቹ ማንን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረጉለት የሚያሳየውን ወርሃዊ ሪፖርት ማውጣት ነው። የሙከራ ጊዜዬ ስድስት ወር ነው፤ ከሙከራ ካላለፍኩ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ የመኖሪያ ፈቃዱም አይታደስም።

ዳኑታን ያወቅኋት በቢሮው ወጥ ቤት ነው። ፖላንዳዊት ናት፤ በዕድሜ እናቴን ብታህልም "አንቺ" በይኝ ብላ አዛኛለች። ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ አሥራ አራት ቀን ትሠራና በአውቶቡስ አገሯ ትሄዳለች። በእሷ ቦታ ኤቫ የምትባል የአገሯ ልጅ መጥታ እስከ ወሩ መጨረሻ ያሉትን ቀናት ትሸፍናለች። ዳኑታ አንድ ቀን ከራሷ ምሳ ላይ ሾርባ ቀዳችልኝ፤ ዡሬክ ይባላል፣ ከአጃ ሊጥ እርሾ የሚሠራ። አንድ ቀምሼ ማንኪያውን መልሼ አስቀመጥኩ። ጎምዘዝ ማለቱ ቁርጥ አብሲት ነው። ምን ሆንሽ ስትለኝ ትኩስ ነው አልኳት። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር፤ እሷም ደግማ ቀዳችልኝ።

የጃንዋሪ ሪፖርት ሲወጣ ዳኑታ የሠራችው ሦስት ቀን ብቻ ሆነ። አለቃችን ሄር ፎክት፣ አቶ ፎክት እንደማለት ነው፣ አስጠርቶ ጠየቃት። እሷ አሥራ አራቱንም ቀን ሠርቻለሁ፣ ከየቤቱ ስወጣ ስልኬ ላይ መዝግቤያለሁ አለች። ሪፖርቱ የለም ይላል። የሌሎቹም ሠራተኞች የሥራ ቀናት ቁጥር ቀንሶ ነበር፤ ሄር ፎክት ግን ከገና በኋላ ሰው ይሰንፋል ብሎ አለፈው። የዳኑታን ያላለፈው በኤቫ ምክንያት ነው። ቤቶቹ አንድ፣ ሰዎቹ አንድ፣ ሥራው አንድ፤ የኤቫ አንድም ቀን አልጎደለም። ዳኑታ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀበለች።

ፌብሩዋሪ ላይ አራት ቀን፣ ማርች ላይ አምስት ቀን ሆነላት። ሄር ፎክት ማስጠንቀቂያው እየሠራ ነው፣ ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው አለ። ከምትጎበኛቸው አንዱ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሄር ኩንዘ ይባላሉ። እሳቸው ተደውሎ ሲጠየቁ በየቀኑ ትመጣለች አሉ። ስልኩ ሲዘጋ ሄር ፎክት፣ "ሰውዬው ይረሳሉ" አለ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ሦስተኛው መሰናበቻ ነው፤ በኤፕሪል ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ተያዘላት።

እነዚያን ሦስት ሪፖርቶች ያተምኳቸው እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ስለ አሰላ ሥራዬ ትንሽ ልንገራችሁ። ለአራት ዓመት የጤና መረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። ከጮሌ፣ ከአቦምሳ፣ ከኦጎልቾ የሚመጣው መዝገብ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ነው። በመሃል አንድ ሰው ሳይቀይር ካስገባ፣ ኦጎልቾ ያለች ሕፃን ከመወለዷ ሰባት ዓመት በፊት ትከተባለች። የቡድን መሪዬ ኦቦ ገመዳ እንደዚያ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር እየሳቁ፣ ሱታ፣ ሱታ፣ ይሉኛል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ቀጥለው በአማርኛ፣ መጀመሪያ ቀኑን ጠርጥሪ፣ ሰውን በኋላ ትደርሺበታለሽ ይሉኛል። ጀርመን መጥቼ ግን ይህን ረሳሁት። እዚህ ያለው ሁሉ ዘመናዊ ነው፣ ማን ይሳሳታል ብዬ ሰውዋን ቀድሜ ጠረጠርኩ። አዎ፣ እኔም ጠርጥሬያታለሁ። ሾርባዋን እየጠጣሁ።

ማክሰኞ ወጥ ቤት ውስጥ ሳገኛት የኮቷን ቁልፍ አዛንፋ ቆልፋ ነበር። ተስፋ ቆርጣ ሐሙስ ዕቃዋን እንደምታወጣ ነገረችኝ። ደብተር አሳየችኝ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በየቀኑ ከየቤቱ ስትወጣ ሰዓቱን፣ ያደረገችውን፣ ስልኳ ላይ መመዝገቧን ትጽፋለች። ለሄር ፎክት ለምን አላሳየሽውም አልኳት።

"ለእሱ አይደለም የጻፍኩት" አለች። "እናቴ በእኔ ዕድሜ ነው መርሳት የጀመረችው። ለራሴ ነው።"

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሼ መቀመጥ አቃተኝ። ሴትየዋ ሦስት ወር ሙሉ አእምሮዬ እየከዳኝ ነው ብላ ፈርታ ኖራለች፤ ያስፈራት ወረቀት የወጣው ከእኔ ማተሚያ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ደብተሯን ተውሼ ከሪፖርቱ ጋር ማመሳከር ጀመርኩ። ነገሩን በአጭሩ ላስረዳችሁ። መረጃው የተቀመጠበት ዳታቤዝ አለ፣ ሪፖርቱን የሚያወጣው ሶፍትዌር አለ፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚያስተረጉም ድራይቨር አለ። ለእማዬ በስልክ ድራይቨሩ ነው መሰለኝ የተበላሸው ስላት፣ ሾፌሩ ምን ነካው፣ ሐኪም አየው ወይ አለችኝ። አዲስ ኮምፒውተር በገና ሰሞን ሲተከል ድራይቨሩም ተቀይሯል። የተከለው ድርጅት ጋ ደወልኩ። ድራይቨሩ ጤነኛ ነው፣ ሶፍትዌሩን የሠሩትን ጠይቂ አሉኝ። የሶፍትዌሩን ሰዎች ጠየቅኩ። የእኛ ያገኘውን ነው የሚያትመው፣ ድራይቨሩን የተከሉትን ጠይቂ አሉኝ። ለደቂቃ ያህል ወረዳና ቀበሌ መሃል የምመላለስ መሰለኝና ናፍቆቴ ትንሽ ቀነሰልኝ።

ዳታቤዙን ሁልጊዜ የምጠይቀው ከወሩ መጀመሪያ እስከ ወሩ መጨረሻ ብዬ ነው። በዚያ ቀን ግን መጨረሻውን አወጣሁት። የዳኑታን ሥራ ከጃንዋሪ ጀምረህ ያለውን ሁሉ አምጣ አልኩት። ዝርዝሩ መጣ። ወደ ታች ስወርድ ኤፕሪልን አለፍኩ። ሜይ መጣ። ጁን መጣ። ኦገስት። እኛ ገና ኤፕሪል ውስጥ ነን። ዳኑታ ግን በመጪው ዲሴምበር አንድ ለሄር ኩንዘ ኢንሱሊን ወግታለች።

ደብተሩ ከፌብሩዋሪ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ የማርችን አራት ፈለግኩ። ደብተሩ ላይ ማርች አራት የሄር ኩንዘ እግር ታጥቧል። ሪፖርቱ ውስጥ ያ ሥራ ኤፕሪል ሦስት ሆኖ ተቀምጧል። የማርች አምስቱ ሜይ ሦስት ሆኗል። ድራይቨሩ ቀኑን ወር፣ ወሩን ቀን እያደረገ ነበር የሚያነበው። ጀርመኖች ቀኑን ያስቀድማሉ፣ አሜሪካኖች ወሩን፤ አዲሱ ድራይቨር የአሜሪካኖቹን ልማድ ይዞ መጥቶ ማንም አላረመውም።

ታዲያ የወሩ አሥራ ሦስተኛና አሥራ አራተኛ ቀን ለምን በትክክል መጡ? የኤቫስ ሥራ ለምን አንድም አልጎደለም? ይህን ስጠይቅ የውጭ ዜጎች ቢሮዋ ጸሐፊ ድምፅ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ለኮምፒውተር አሥራ ሦስተኛ ወር የለም። እስከ አሥራ ሁለት ያለውን ቀን ወር ነው ብሎ ይቀበላል። አሥራ ሦስት ላይ ሲደርስ እንዲህ ያለ ወር ስለሌለ ይጨንቀውና መልሶ በትክክለኛው መንገድ ያነበዋል። ኤቫ ሥራ የምትጀምረው ከአሥራ አራት በኋላ ስለሆነ ተረፈች። ዳኑታ ግን ሁልጊዜ የምትሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ወር በወር አንድ አንድ ቀን የጨመረላትም ያለፉት ወራት ሥራዎቿ ተገልብጠው ስለገቡ ነው።

ሳቄ ሲያልቅ ፈራሁ። ይህን መናገር ማለት ለሦስት ወር የተሳሳተ ሪፖርት አውጥቻለሁ ማለት ነው፤ ሙከራዬ ሊያልቅ ደግሞ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ዝም ብዬ ባስተካክለው ከኤፕሪል ጀምሮ ቁጥሩ ልክ ይሆናል፣ ማንም አይጠይቀኝም። ዳኑታ ግን ሐሙስ ትሄዳለች። አልዋሻችሁም፣ ሻይ እየጠጣሁ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይህን አሰብኩበት። በኋላ ያፈርኩት በሃያው ደቂቃ ነው።

ማስተካከሉ ራሱ ከሻይው ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው። ድራይቨሩ ላይ የነበረውን የአገር ምርጫ ቀየርኩ፤ ጥያቄውንም ዓመቱ መጀመሪያ፣ ወሩ ቀጥሎ፣ ቀኑ መጨረሻ ሆኖ እንዲጻፍ አደረግኩ፤ እንደዚያ ከተጻፈ ለማንም አያምታታም። ሦስቱንም ወር እንደገና አተምኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስገባ ዳኑታ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የመሰናበቻው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሄር ፎክት ተርሚን አለሽ ወይ አለኝ። የለኝም አልኩት። አንዱን መስመር እንዲያነብልኝ ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

"ዲሴምበር አንድ፣ ኢንሱሊን፣ ሄር ኩንዘ" አለ። መነጽሩን ከፍ አደረገ። "የዘንድሮ ዲሴምበር?"

"አዎ።"

"ገና አልመጣም እኮ።"

"ዳኑታ ቀድማ ጨርሳዋለች" አልኩት። አልሳቀም። እኔም ከዚያ በላይ ለመቀለድ ድፍረቱ አልነበረኝም፤ ድራይቨሩ ያደረገውን፣ አዲሶቹን ሪፖርቶች፣ አሥራ አራት አሥራ አራት ቀኑን አንድ በአንድ አሳየሁት። በመጨረሻም ሪፖርቶቹን ያተምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ከመታተማቸው በፊት ቀኖቹን ማየት የእኔ ሥራ እንደነበር፣ እንዳላየሁ ነገርኩት። የጀርመንኛዬን አርቲክል፣ ዴር ዲ ዳሱን ሁሉ፣ አምታታሁት።

ሄር ፎክት ለረጅም ጊዜ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ወደ ዳኑታ ዞሮ ይቅርታ ጠየቃት። ሁለቱም ማስጠንቀቂያዎች ከፋይሏ እንደሚወጡ ነገራት። ዳኑታ ተነስታ የኮቷን ቁልፍ አስተካከለች።

"ሄር ኩንዘ ነግረውዎት ነበር" አለችው፣ ሄደችም።

እኔን አላባረረኝም። ከእንግዲህ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ከአንድ ሰው ደብተር ጋር አመሳክረሽ ነው የምታትሚው አለኝ፤ ዛሬም እንደዚያው አደርጋለሁ። ዳኑታ ግን ለሁለት ቀን ያህል ወጥ ቤት ውስጥ አላናገረችኝም። አልፈረድኩባትም። በሦስተኛው ቀን ከሾርባዋ ቀዳችልኝና፣ የመጀመሪያውን ሪፖርት ስታዪ አመንሽው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አመንኩት አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። "እኔም አምኜው ነበር" አለች፣ ዳቦም ቆረሰችልኝ።

የወሩ አሥራ አምስተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። አገሯ ስትሄድ ሻንጣዋን አግዤ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት። ማታ ቤቷ ትደርሳለች፤ ነገ የልጅ ልጇ ክርስትና ነው። በየሁለት ሳምንቱ አገሩን የሚያይ ሰው አጠገብ መቆም እንዴት እንደሚያደርግ የተሰደደ ያውቀዋል። አውቶቡሱ ሲሄድ እጄን አውለበለብኩና እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ለእማዬ ደወልኩ።

ጎረቤት ሠርግ ላይ ነበረች። ጭፈራው አያሰማም። "ነገ ደውይልኝ እሺ፣ ሰው በዝቷል" ብላ ስልኩን የዘጋች መስሏት ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው። አልተዘጋም። እኔም አልዘጋሁትም። የባጃጅ ጥሩምባ ሰማሁ፣ ሳህን ሲንኳኳ ሰማሁ፣ አንድ ሰው በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ሲጨርስ ሰማሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲጀምር ሰማሁ። ከዚያ አንዲት ሴት እማዬን፣ ማን ነበር የደወለው አለቻት።

"ፀዳለ ናት" አለች እማዬ። "ለመስቀል ትመጣለች።"

ለመስቀል እመጣለሁ ብያት አላውቅም። ሴትየዋ እልል አለች። እማዬ እንዳትሰማኝ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሰማሁ።